ያን ሁሉ ዕቃ ነቅለው ሌላ ከተማ የሚተክሉት እንዴት ነው?

አናጢው ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው። ሙያዬ አናጢነት ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ለአንድ ትንሽ የቴአትር ቡድን መድረክ እሠራለሁ። ሐዋሳ፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ እየዞርን እናሳያለን። ዕቃችን በሙሉ አንድ አይሱዙ ላይ ይጫናል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት እህቴን ልጠይቅ ዋሽንግተን ሄጄ ነበር። ኬኔዲ ሴንተር የሚባል ትልቅ ቴአትር ቤት ይዛኝ ገባችና «ላየን ኪንግ» የሚባለውን የአንበሶች ሙዚቃዊ ትርዒት አሳየችኝ። ስለ ዘፈኑና ስለ ተዋንያኑ ሌላ ሰው ያውራ። የእኔ ዓይን ዕቃው ላይ ነበር። ዝሆን በተመልካቹ መሀል አልፎ መድረክ ላይ ወጣ። ቋጥኙ ከጎን እየተንሸራተተ ገባ። ከጨርቅ የተሠራች ፀሐይ ወጣች። እህቴ «ይሄ እኮ የቤቱ አይደለም፣ እየዞረ ነው፤ ከዚህ ሲጨርስ ሌላ ከተማ ይሄዳል» ስትለኝ ማመን አቃተኝ።

እኛ አንድ ግድግዳ፣ ሁለት በርና አንድ ደረጃ ለመትከል ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። ባለፈው ዓመት አንድ አዳራሽ ስንደርስ ደረጃው በበሩ አልገባ አለ። ደጅ ላይ በመጋዝ ቆረጥነው። ቴአትሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። ሕዝቡ በፀሐይ ተሰልፎ ጠበቀን። ያን ቀን አልረሳውም።

እነሱም በየከተማው የተለያየ ቤት ያጋጥማቸዋል። ወለሉ፣ ጣሪያው፣ በሩ አንድ አይደለም። ታዲያ ሁሉም ቦታ ልክ የሚሆንላቸው እንዴት ነው? እዚያ ሥራ ላይ ያለ ሐበሻ ካለ ቢያስረዳኝ። ገንዘብ ስላላቸው ነው የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው አሠራሩን ነው።


ከመጋረጃው ጀርባ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ ዋሽንግተንና አካባቢው ባሉ ቴአትር ቤቶች የመድረክ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጥ ነበር። ትልቅ ትርዒት ዙሮ ሲመጣ ከመኪና የምናወርደው፣ የምንተክለው፣ መጨረሻ ላይ የምንነቅለው እኛ የከተማው ሠራተኞች ነን። ከትርዒቱ ጋር የሚዞሩት አለቆች ደግሞ ያዙናል። በአማርኛ ስም የሌለውን ነገር እንደመጣልኝ እየገለጽኩ እነግርሃለሁ።

ዋናውን ላስቀድም። እነዚህ ሰዎች ቴአትር ቤቱን አያምኑም። ወለላቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ።

አንተ ያየኸው ወለል የቴአትር ቤቱ አልነበረም። የትርዒቱ ነው። ከእንጨትና ከብረት የተሠራ፣ እየተገጣጠመ የሚነጠፍ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር አለው። ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዘው ውስጡ በተቀበረ መቆለፊያ ነው። በመፍቻ አንዴ ስታዞረው ጥርቅም ይላል። ሚስማር የለም፤ መዶሻም የለም። ወለሉ ከቤቱ መድረክ ትንሽ ከፍ ስለሚል ከሥሩ ክፍተት ይኖራል። ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የብረት ገመድ ያልፍበታል። ገመዱን ከመድረኩ ጎን የተቀመጠ ዊንች፣ ማለትም ገመድ የሚጠቀልል ማሽን፣ ይስበዋል፤ ዊንቹን ኮምፒውተር ያዘዋል። ወለሉ ላይ ደግሞ ቀጭን ስንጥቅ አለ። በስንጥቁ ብቅ ያለ የብረት ምላስ ዕቃውን ከሥሩ ይዞ ይጎትተዋል። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ቤቱም አልጋውም በራሱ የሚሄድ ይመስለዋል።

ያ ከጎን የገባው ቋጥኝ ደግሞ ለጥያቄህ ጥሩ መልስ ነው። ኒውዮርክ ላይ ቋጥኙ የሚወጣው ከመሬት ነው። እየተሽከረከረ ከወለሉ ሥር ብቅ ይላል። ለዚያ መድረኩ ተበስቶ ከሥሩ ማሽን ተተክሏል። ዙር ላይ ግን የእያንዳንዱን ከተማ መድረክ መብሳት አይቻልም። ስለዚህ ለዙሩ ሌላ ቋጥኝ ሠሩ፤ እንዳየኸው በጎን የሚገባ። ታሪኩ አልተጎዳም። አንበሳው ቋጥኙ ላይ ይቆማል፤ ሕፃኑ ወደ ላይ ይነሳል። ወደ ሌላ ከተማ የማይሄደውን ነገር ገና ከዲዛይኑ ያወጡታል። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ የማከብረው ይሄንን ነው።

አሁን ስለ አተካከሉ። ሥራው የሚጀምረው በጠመኔ ነው። ጠዋት ስንገባ መድረኩ ባዶ ነው። አለቃው የመድረኩን መሀል ፈልጎ ከፊት ወደ ኋላ መስመር ያሰምራል። ያ መስመር የመጋረጃውን መስመር የሚያቋርጥበት ነጥብ ዜሮ ይባላል። ከዚያ በኋላ ልኬት ሁሉ የሚነሳው ከዜሮ ነው። ከግራ ግድግዳ አይለካም፤ ከቀኝም አይለካም። ግድግዳው በየከተማው ይለያያላ! መሀሉ ግን የትም ቢሄዱ መሀል ነው። ወንድሜ፣ ይሄን ነገ ጠዋት ልትጀምረው ትችላለህ። ወጪው አንድ ጠመኔና አንድ ሜትር ነው።

ወለሉ ከመነጠፉ በፊት ከላይ ያለው ይሰቀላል። ጣሪያው ላይ የሚወጡ ሠራተኞች አሉ። መሬት ላይ በጠመኔ የተሠራው ምልክት ዕቃ ወደ ላይ የሚያነሳው እያንዳንዱ ሞተር የት እንደሚንጠለጠል ይነግራቸዋል። የቤቱ የጣሪያ ብረት ልክ እዚያ ነጥብ ላይ ካልሆነ ከሁለት ብረት ሁለት ገመድ አውርደው መሀል ላይ ያገናኟቸዋል። የገመዶቹን ርዝመት በሒሳብ ያገኙታል። በጣም ከተከፈተ ገመዱ የሚሸከመው ክብደት ይጨምራል፤ ስለዚህ አንግሉን ይጠነቀቁለታል። ከዚያ የሰንሰለት ሞተሮቹ የራሳቸውን ሰንሰለት እየበሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። መብራቱንና ድምፅ ማጉያውን ይዘው ነው የሚወጡት።

ለመጋረጃዎቹና ለተሣሉት ጨርቆች ደግሞ በብዙ ቤቶች ያለው የሚዛን ሥርዓት ያገለግላል። ጨርቁ የታሰረበት ብረት በአንድ በኩል፣ ክብደት በሌላ በኩል። ሚዛኑ ከተስተካከለ አንድ ሰው በእጁ ትልቅ መጋረጃ ያነሳል። እዚህ ላይ አንድ የማይጣስ ቅደም ተከተል አለ። ስትሰቅል መጀመሪያ ጨርቁን ታስራለህ፣ ከዚያ ክብደት ትጨምራለህ። ስታፈርስ መጀመሪያ ክብደቱን ትቀንሳለህ፣ ከዚያ ጨርቁን ትፈታለህ። በሦስተኛ ዓመቴ አንድ ቤት ውስጥ ይሄ ሲጣስ አይቻለሁ። ሌሊት ነው፣ ሁሉም ደክሟል። ክብደቱ ሳይቀነስ ጨርቁ ተፈታ። ብረቱ ወደ ጣሪያው ተተኮሰ ማለት ይቀላል። ሰው አልተነካም፤ ክብሩ ይስፋ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ጨርቅ ከመፍታቴ በፊት ወደ ላይ ጮኬ እጠይቃለሁ። መልስ ሳልሰማ እጄ አይንቀሳቀስም።

ስለ ዕቃው ብዛት ባትጠይቅም ትጓጓለህ ብዬ ልንገርህ። «ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» የሚባለው ትርዒት አሮጌው ዙር በ27 ተሳቢ ነበር የሚጓጓዘው። ቻንደለሩ፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ትልቅ መብራት፣ ብቻውን 1 ቶን ይመዝን ነበር። በአንድ ምሽት 22 ጊዜ ትዕይንት ይቀየር ነበር። 230 አልባሳት፣ 281 ሻማ፣ ለጭጋግ የሚሆን 250 ኪሎ ደረቅ በረዶ። በረዶው ተንኖ ስለሚጠፋ ይዘውት አይዞሩም፤ በየከተማው ይገዙታል። ለእኔ ግን ከ27ቱ መኪና ይልቅ የሚደንቀኝ የአጫጫኑ ተራ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጨረሻ ይጫናል። ጠመኔው፣ ሰንሰለቱ፣ ሞተሩ ያለበት መኪና መጀመሪያ ይከፈታል። አልባሳቱ ቆይቶ ይመጣል። እያንዳንዱ ሳጥን ጎማ አለው፣ የክፍሉ ቀለም ያለበት ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሰው ተሸክሞ የሚሄደው ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ይገፋል።

ብዙ ትልልቅ ትርዒቶች ደግሞ አንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ያሠራሉ። ይሄኛው ከተማ ትርዒቱ እየታየ ሁለተኛው ወለል ወይም ሁለተኛው የመስቀያ ዕቃ ቀጣዩ ከተማ ገብቶ ይተከላል። ከመምጣታቸው ሳምንታት በፊትም ቢጫ ካርድ የሚባል ወረቀት ይላካል። ስንት አናጢ፣ ስንት ኤሌክትሪሺያን፣ ስንት የድምፅ ሰው፣ ስንት አልባሽ እንደሚፈልጉ ተጽፎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1893 ከተመሠረተው የመድረክ ሠራተኞች ማኅበር ጋር የሚሠሩት በዚያ ነው። ስለዚህ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ ማን ምን እንደሚይዝ ይታወቃል።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር ብቻ። የተዋንያኑ ማይክሮፎን በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው። የትኛው ሞገድ ነፃ እንደሆነ በየከተማው ይለያያል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ የተለያዩ ናቸውና። 600 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው አብዛኛው ሞገድ እ.ኤ.አ. በ2017 በጨረታ ለሞባይል ከተሸጠ ወዲህ ቦታው ጠቧል። ባለሙያው በየከተማው እንደገና ይፈልጋል፣ እንደገና ያከፋፍላል። እኔ ኤሌክትሪክ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ የእነሱን ሥራ ግን በአክብሮት ነው የማየው።


አሥራ ስምንት ጎማ

የመኪናውን ነገር እኔ ልጨምር። ሁለት ዓመት የቴአትር ዕቃ ጭኛለሁ። ተሳቢው 53 ጫማ ነው፤ 16 ሜትር ገደማ። እዚህ አሜሪካ መኪናው ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ ማለፍ የለበትም፤ 36 ቶን ያህል ማለት ነው። የቴአትር ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። ሳጥኖቹ በስፋት የተሠሩት የተሳቢውን ወርድ ለመሙላት ነው፤ ጎን ለጎን ሲገቡ ጣት አያስገባም። ክፍተት ከተተወ መንገድ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ የተንቀሳቀሰ ዕቃ ደግሞ ይሰበራል።

አስቸጋሪው ሰዓቱ ነው። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ትርዒት እሑድ ማታ ያልቃል። ሌሊቱን ይነቀላል። ማክሰኞ ማታ ሌላ ከተማ ሊታይ ይችላል። ሕጉ ለአንድ ሹፌር በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቅድም። መንገዱ ከረዘመ ሁለት ሹፌር ይመደባል፤ አንዱ ሲነዳ አንዱ ይተኛል። ከተማ ስትደርስ ደግሞ ዝም ብለህ ቴአትር ቤቱ በር ላይ አትቆምም። ሰፊ ቦታ ላይ ቆመህ ቁጥርህ እስኪጠራ ትጠብቃለህ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠራ ቀድሜ ሄድኩ። የያዝኩት የመጨረሻ የሚወርደውን ነበር። መንገዱን ዘግቼ አርባ ደቂቃ ሥራ አስቆምኩ። እስከዛሬ ሳስበው ይከነክነኛል።


የልብስ ክፍሏ

ወንዶቹ ብረቱን ነገሯችሁ፤ እኔ ልብሱን ልንገራችሁ። ሚኒያፖሊስ ነኝ። ስለ «ላየን ኪንግ» ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። ከኒውዮርክ በፊት መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1997 እዚህ ከተማ፣ ኦርፊየም ቴአትር ነው።

እኔ አልባሽ ነኝ። ትርዒቱ ሲመጣ በአንድ ቀን ሥራዬን እማራለሁ። ወረቀት ይሰጠኛል። በስንተኛው ዘፈን፣ በየትኛው በኩል፣ የማንን ልብስ ይዤ እንደምቆም ተጽፎበታል። ጨለማ ነው፤ ትንሽ ሰማያዊ መብራት ብቻ አለ። ተዋናይዋ ሮጣ ትመጣለች። አንዷ ከኋላ ትፈታለች፣ እኔ ከፊት አለብሳለሁ፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ትሮጣለች። ስሟን እንኳ ሳላውቅ እስትንፋሷን ለይቼ አውቃለሁ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሳይቀር ይዘው የሚዞሩ አሉ። ያየኸው የአንበሳው ንጉሥ የሙፋሳ ጭምብል ከባድ እንዳይመስልህ። ከካርቦን የተሠራ ነው፤ 11 አውንስ፣ 310 ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው። ትንንሾቹን አንበሶች ሲምባና ናላን ሆነው የሚጫወቱት ሕፃናትም ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ ነው የሚሠሩት። አስተማሪያቸውም አብሮ ይዞራል። ልጆቹ ከመድረክ ወርደው የቤት ሥራ ሲሠሩ ሳይ ልቤ ይነካል።


ከቦሌ

ይቅርታ፣ እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ያለ ትርዒት አዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል?


ከመጋረጃው ጀርባ

ዱባይ ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት በዚያው ዓመት «ሌ ሚዜራብል» የሚባለው ሙዚቃዊ ትርዒት ገብቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ «ፋንተም»። ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ2007 የሞንቴካሲኖን ቴአትር የከፈተው በ«ላየን ኪንግ» ነው። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ በኮንቴነር። እኛ ጋ ከጅቡቲ በባቡርም በመኪናም ማስገባት ይቻላል። መንገዱ አይደለም ያስቸገረን። ከመድረኩ በላይ፣ ተመልካቹ የሚያይበትን የመድረክ መክፈቻ ቁመት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚሆን ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። መጋረጃውና ጨርቁ ወደ ላይ ሲነሳ ከዓይን የሚሰወረው እዚያ ነው። ያን ክብደት የሚሸከም ብረት፣ በቂ ኤሌክትሪክ፣ ተሳቢ የሚጠጋበት በር፣ ከዚያ ደግሞ ለሳምንታት የሚሞላ ወንበር ያስፈልጋል። ብሔራዊ ቴአትርን እወደዋለሁ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተ ቤት ነው፤ ለዚህ ግን አልተሠራም። አዲስ ቤት የሚሠሩ አርክቴክቶች ይሄን የሚያነቡ ከሆነ፣ እባካችሁ ከመድረኩ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ አትቀንሱት። በኋላ አይጨመርም።


አናጢው ከአዳማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የዜሮውን ነጥብ ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። እኛ ሁልጊዜ ከግራ ግድግዳ ነበር የምንለካው! አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ያ ዝሆን በዚያ ጠባብ መተላለፊያ እንዴት አለፈ? በየቤቱ መተላለፊያው እኩል አይሆንም መቼም።


ከመጋረጃው ጀርባ

ጥሩ ዓይን አለህ። ዝሆኗ «በርታ» ትባላለች። 4 ሜትር ገደማ ርዝመት አላት። ስትዘረጋ ወርዷ 2 ሜትር ከ70 ይደርሳል። በአራቱ እግሯ ውስጥ አራት ሰው አለ። ስትታጠፍ ግን 34 ኢንች ትሆናለች፤ 86 ሳንቲ ሜትር። ጠባብ በር እንኳ አይከለክላትም።

በሩ ምን ያህል ይሆናል ብለው አልገመቱም። በጠባቡ እንድታልፍ አድርገው ነው የሠሯት። አንተም የምትሄድባቸውን አዳራሾች በር ሁሉ ለካ። ከሁሉም ጠባቡን ያዝ። ዕቃህ ሁሉ በእሱ እንዲያልፍ አድርገህ ሥራ።


አናጢው ከአዳማ

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የአምስት አዳራሽ በር ለካሁ። ጠባቡ 92 ሳንቲ ነው። ደረጃውን ለሁለት ከፍዬ ማጠፊያ ገጠምኩለት፤ ሲታጠፍ 84 ይሆናል። ወለል ደግሞ ከኮምፔንሳቶ ሠራሁ። 16 ቁራጭ ነው። በእያንዳንዱ ጀርባ ቁጥር ጻፍኩ። የግድግዳውና የበሩ ቦታ ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት አለው። ጠመኔውና ሜትሩ አይሱዙው በር ላይ በአንድ ትንሽ ሳጥን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ነበርን። መኪናው ከቆመ ጀምሮ ሰዓት ያዝኩ። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀብን። ተዋንያኑ ምሳ በልተው ተመልሰው ልምምድ አደረጉ። እንዲህ ሆኖልን አያውቅም።

አንድ ችግር ግን አለ። ሲራመዱበት ወለሉ ይጮኻል። ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። እናንተ ከሥሩ ምን ታነጥፋላችሁ?


ከመጋረጃው ጀርባ

ምንጣፍ። ከቁራጮቹ ሥር አሮጌ ምንጣፍ እየቆረጥክ በኮላ ለጥፍ፤ ፀጉሩ ወደ መሬት ይሁን። ዳር ዳሩን አትርሳ፤ አብዛኛው ጩኸት የሚመጣው ሁለቱ ቁራጮች ከሚገናኙበት ነው። ፎቶ ላክልኝ፤ ደረጃውን ማየት እፈልጋለሁ።